የተፈናጠጠ ሰው መሪ አይዝም

ወገን! ዛሬ ስለ አንድ ፊልም ላወራህ ነው። ፊልሙ ስለ ምን እንደሆነ በነገርኩህ ደቂቃ ግማሻችሁ ጽሑፉን ትታችሁ ኮሜንት ላይ እንደምትወርዱ አውቃለሁ። እኔም አድርጌው አውቃለሁ። ግን ዛሬ አንዴ ታገሠኝ። ስድቡ የትም አይሄድም፤ አንብበህ ከጨረስክ በኋላም ይደርሳል።

ፊልሙ «ፒሊየን» ይባላል። ሃሪ ላይተን የሚባል እንግሊዛዊ ጽፎ ያዘጋጀው የመጀመሪያ ረጅም ፊልሙ ነው። በ2025 (የውጭውን ዘመን ሁሉ በነሱ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) በካን ፊልም ፌስቲቫል «አን ሰርተን ርጋር» በሚባለው ክፍል ቀርቦ የምርጥ ስክሪፕት ሽልማት ወስዷል። አንዱ ተዋናይ አሌክሳንደር ስካርስጋርድ ነው። ሌላው ሃሪ ሜሊንግ ነው፤ ልጅ ሆነህ «ሃሪ ፖተር»ን ካየህ ያን ወፍራሙን፣ ቀበጡን የአክስት ልጅ ደድሊን ታስታውሰዋለህ። እሱ ነው።

ፒሊየን ማለት የሞተር ሳይክል የኋላ ወንበር ነው። እኛም ለዚህ ነገር የራሳችን ቃል አለን፦ መፈናጠጥ። ድሮ በበቅሎና በፈረስ ነበር፣ ዛሬ በሞተር ነው። ሞተር ታክሲ ባለበት ከተማ ያደግክ ልጅ ስሜቱን ታውቀዋለህ። ነፋሱ ፊትህን ሲመታህ ደስ ይላል። ግን መሪው፣ ማርሹ፣ ፍሬኑ በሙሉ የፊተኛው ሰውዬ እጅ ላይ ነው። ያንተ ድርሻ አጥብቆ መያዝ ብቻ ነው። እሱ ከወደቀ አብረህ ትወድቃለህ። እሱ «ውረድ» ካለህ ደግሞ መንገድ ላይ ትቀራለህ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ኮሊን በለንደን ዳርቻ በብሮምሊ ከእናት ከአባቱ ጋር የሚኖር ዓይን አፋር ሰው ነው። ሥራው ያላግባብ የቆመ መኪና ላይ የቅጣት ወረቀት መለጠፍ ነው። በትርፍ ጊዜው ከአባቱ ጋር መጠጥ ቤት ውስጥ ያለ መሣሪያ በኅብረ ድምፅ ይዘፍናል። ወንድ እንደሚወድ ቤተሰቡ ያውቃል፤ እናቱ እንዲያውም ሰው ታፈላልግለታለች። በገና ዋዜማ ሬይ ከሚባል፣ ቁመቱ የዘለቀ፣ ቆዳ ለባሽ ሞተረኛ ጋር ይገናኛል። ሬይ በማዘዝና በመታዘዝ ፍቅር ውስጥ የከረመ፣ መንገዱን የሚያውቅ ሰው ነው። ኮሊን ግን ጀማሪ ነው። የሚፈልገው መታዘዝ መሆኑን እንኳን ገና ማወቁ ነው።

ከዚያ ሬይ ያሠለጥነዋል። ኮሊን ያበስላል፣ ቤት ያጸዳል። አልጋ እያለ መሬት ላይ ይተኛል። ጸጉሩን ይላጫል። አንገቱ ላይ ሰንሰለት በጓጉንቸር ይቆለፍበታል፤ መክፈቻው ሬይ አንገት ላይ ነው። ሬይ ስለ ራሱ የሚናገረው ነገር የለም ማለት ይቻላል። ኮሊን ግን ደስ ብሎታል። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የሆነ ሰው መርጦታል።

አሁን እዚህ ላይ ሁለት ወገን ይነሣል።

አንደኛው «ራሱ እሺ ብሏል፣ አንተ ምን አገባህ? አለቀ!» ይላል። ሁለተኛው «ርኩሰት ነው፣ ምን ይወራል? አለቀ!» ይላል። እነዚህ ሁለቱ ጠላት ይመስሉሃል። ልብ ብለህ ስማቸው፤ ሁለቱም «አለቀ» ነው የሚሉት። ሁለቱም ዓይናቸውን የሚጨፍኑት አንድ ቦታ ላይ ነው፦ መሬት ላይ የተኛው ጀማሪ ላይ። አንዱ ነፃነቱን አከበርኩ ብሎ ይተወዋል፣ ሌላው ተጸይፎ ይተወዋል። ጀማሪው ግን እዚያው መሬት ላይ ነው።

የዛሬ ጠቤ ከሁለቱም ጋር ነው።

የሁለቱ ሰዎች ወንድ መሆን አይደለም እኔን ያስቆጣኝ። ሁለት አዋቂ ሰዎች ተነጋግረው፣ ተስማምተው በጓዳቸው የሚጫወቱት ጨዋታም የኔ ጉዳይ አይደለም። እኔን ያስቆጣኝ ሌላ ነው። ሬይ አንድም ቀን አልጠየቀም። «ይኼ ይመችሃል? ምን ትፈራለህ? የቱ ጋ ላቁም?» አላለም። የሚያውቀው ሰው የማያውቀውን ሰው ሳይጠይቅ ነዳው። ያንን ነው በፍቅር ስም ልናጨበጭብለት የተጠራነው።

«እሺ ይበልጣል ከሺህ» ይላል የአገራችን ተረት። እሺ ግን ከሺህ የሚበልጠው መቼ ነው? እምቢ ማለት በሚቻልበት ቤት ነው። እምቢ ብትል አልጋውም፣ ሰውየውም፣ መንገዱም የሚቀርብህ ከሆነ «እሺ» ያልከው አንተ አይደለህም፤ ፍርሃትህ ነው።

«አንተ ስለዚያ ዓለም ምን ታውቃለህ? ሕጉ እንደዚያ ነው» የሚለኝ ይኖራል። አይደለም! የራሳቸውን ሕግ ልንገርህ። በዚህ ዓይነት ፍቅር ውስጥ ያሉ ሰዎች ተደራጅተው ደንብ ያወጡ ናቸው። በ1983 በኒው ዮርክ የነበረ የወንዶች ማኅበር ሦስት ቃል ጽፎ አስቀመጠ፦ ጉዳት የማያደርስ፣ በጤናማ አእምሮ የሆነ፣ በስምምነት የሆነ። ይህ መፈክር ዓለምን ዞሯል። ከመጀመሩ በፊት ቁጭ ብለው ይነጋገራሉ፤ ምን ይፈቀዳል፣ ምን አይፈቀድም ይባባላሉ። የማቆሚያ ቃል ይመርጣሉ። ብዙዎቹ የትራፊክ መብራት ነው የሚጠቀሙት፦ «ቢጫ» ካለ ቀስ በል፣ «ቀይ» ካለ በቃ ቁም። ታዛዡ «ቀይ» ካለ አዛዡ ማዘዝ አይችልም። የጨዋታው ሁሉ ፍሬን ያለው ከታች ባለው ሰው እጅ ነው። ልምድ ያለው ሰው ደግሞ ለጀማሪ የበለጠ ይጠነቀቃል፤ ጀማሪ የራሱን ልክ ገና አያውቅማ!

እንግዲህ መኪና ሲቀጣ የሚውለው ኮሊን፣ ለሌላው ሁሉ «እዚህ ቁም፣ እዚህ አትቁም» የሚለው ኮሊን፣ ለራሱ አንድ ቀይ መብራት አልተሰጠውም። ሬይ በኛ ሚዛን ብቻ አይደለም የወደቀው፤ በራሳቸው ሚዛንም ወድቋል።

ፊልሙ የተወሰደበት መጽሐፍ ደግሞ ይብሳል። «ቦክስ ሂል» ይባላል፤ ደራሲው አዳም ማርስ-ጆንስ ነው፤ በ2020 ታተመ። ንዑስ ርዕሱ ለራሱ ዝቅ ያለ ግምት ስላለው ሰው የተጻፈ ታሪክ መሆኑን ይናገራል። እዚያ ታሪኩ የሚጀምረው በ1975 ነው። ኮሊን ገና 18 ዓመቱ ነው፤ ልደቱ ነው። የመጀመሪያው ቀን ራሱ ሲነበብ «እሺ» የቱ ጋ እንዳለ ፈልገህ ታጣዋለህ። እንዲህ ሆነው ስድስት ዓመት ይኖራሉ።

አሁን ቁጥሩን ልብ በል። የእንግሊዝ ሕግ በሁለት ወንዶች መካከል ያለውን ግንኙነት ከወንጀልነት ያወጣው በ1967 ነው፤ ያውም በድብቅ ሆኖ፣ ሁለቱም 21 ዓመት ከሞላቸው ብቻ። ዕድሜው ወደ 18 የወረደው በ1994 ነው። ስለዚህ በ1975 የ18 ዓመቱ ኮሊን ራሱ ወንጀለኛ ነበር። ሬይ ቢበድለው የት ይሄዳል? ፖሊስ ጋ ሄዶ «ተበድያለሁ» ቢል መጀመሪያ የሚጠየቀው ራሱ ነው። ሕጉ ርኩሰትን ከለከልኩ አለ፤ በተግባር ግን የጀማሪውን አፍ ዘግቶ ቁልፉን ለሬይ ሰጠው። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ! ሬይን ያነገሠው ሞተሩና ቁመናው ብቻ አይደለም። የጎረቤቱ ምላስና የፖሊሱ መዝገብም ናቸው።

ሕግ ሁለቱንም ጫፍ ሞክሮ ሁለቱም ጋ እንደተሰናከለ የሚያሳይ እውነተኛ ጉዳይ አለ። በ1987 የእንግሊዝ ፖሊስ አንድ የቪዲዮ ካሴት እጁ ገባ። የወንዶች ስብስብ እርስ በርስ ሕመም ያለበት ጨዋታ ሲጫወት ይታያል። ምርመራው «ኦፕሬሽን ስፓነር» ተባለ። ከሳሽ አልነበረም፤ ሐኪም ቤት የሄደ አልነበረም፤ ሁሉም «ተስማምተን ነው» አሉ። ዳኛው ስምምነታችሁ መከላከያ አይሆንም አላቸው፤ በ1990 16 ሰዎች ጥፋተኛ ተባሉ። አስገራሚውን ስማ፦ የተመቱት ሰዎች ጭምር በራሳቸው ላይ በተፈጸመው ነገር ተባባሪ ናችሁ ተብለው ተቀጡ! በ1993 የጌቶች ምክር ቤት ዳኞች በ3 ለ2 ፍርዱን አጸኑ። አንዳንዶቹ ወጣቶች እንዳይበላሹ ብለው መስጋታቸውን ጻፉ። በ1997 የስትራስቡርጉ የአውሮፓ ሰብአዊ መብት ፍርድ ቤትም መብት አልተጣሰም አለ።

ስለ ወጣቱ ሰጉ፤ ወጣቱን ግን አልሰሙትም። «ፈልገህ ነው? ፈርተህ ነው? መውጣት ትችል ነበር?» የሚለው ጥያቄ ፍርዱን አልለወጠውም። ሬይ አይጠይቅም፣ ዳኛውም አይጠይቅም። አንዱ «ዝም ብለህ ታዘዝ»፣ አንዱ «ዝም ብለህ ታሰር»።

«ታዲያ ስምምነት ካለ ሁሉም ይፈቀድ እያልክ ነው?» ካልከኝ፣ አላልኩም። የዚያኛውንም ጫፍ እንየው። በዚያው አገር ሴት ገድለው ችሎት ፊት «ጨዋታ ነበር፣ ራሷ ፈልጋ ነው» የሚሉ ተከሳሾች በዙ። ሟች ተነሥታ «ውሸት ነው» አትልም። እሺታዋን የሚናገርላት ገዳይዋ ሆነ! ሴቶች ተነሥተው ታገሉ፤ በ2021 በወጣው የቤት ውስጥ ጥቃት ሕግ ውስጥ ለፆታዊ እርካታ ተብሎ ለደረሰ ከባድ ጉዳት «ተስማምታ ነው» ማለት መከላከያ እንደማይሆን ተጻፈ። ደግ አደረጉ። «ራሱ እሺ ብሏል» የሚለው ወገን ይህን ያስብበት። ቃሉን ብቻ ከያዝክ፣ ቃሉን የሚያመጣልህ ሁልጊዜ ጉልበተኛው ነው።

እኔ ትክክል ነው የምለው ጥያቄ ሌላ ቦታ ነው የተጻፈው። በ2015 እንግሊዞች በቅርብ ግንኙነት ውስጥ ሰውን መቆጣጠርና ማስገደድን ራሱን የቻለ ወንጀል አደረጉት። ያ ሕግ የሚያየው የአንድ ሌሊት ድርጊት ሳይሆን ተደጋግሞ የሚኖር አኗኗር ነው። ሰውዬው ከወዳጅ ከዘመዱ ተነጥሏል? ገንዘቡን፣ ልብሱን፣ እንቅልፉን ሌላ ሰው ይወስንለታል? እየፈራ ነው የሚኖረው? ይህ ለወንድና ለሴት፣ ለሴትና ለሴት፣ ለወንድና ለወንድ እኩል የሚጠየቅ ነው። ከአልጋው ይልቅ በሩን የሚያይ ጥያቄ ነው፦ በሩ ከውስጥ ይከፈታል ወይ?

እህቴ፣ አንቺም አትሳቂ። ይኼ ታሪክ በወንዶች ብቻ የመጣ እንዳይመስልሽ። «ፊፍቲ ሼድስ ኦፍ ግሬይ» በ2011 ወጥቶ ከ100 ሚሊዮን ኮፒ በላይ ተሸጧል። እሱስ ምንድን ነው? ምንም የማታውቅ የዩኒቨርሲቲ ልጅና ሁሉን የሚያውቅ ሀብታም ነው። ሰውዬው ውል ያቀርብላታል፤ በመጀመሪያው መጽሐፍ ውሉን ሳትፈርም ነው ሁሉ ነገር የሚሆነው። በተከታዮቹ መጻሕፍት ግን ፍቅሯ ጨካኙን ይፈውሰዋል፣ ይጋባሉ። የመርዙ ስም ይኼ ነው፦ «ብትታገሺው ይለወጣል»። አንቺስ በቴሌግራም በየምሽቱ በክፍል በክፍል እየተለቀቀ የምትጠብቂው ልብ ወለድ? ሀብታሙ፣ ቁጡው አለቃ በጥፊ ይመታታል፣ ቤት ይዘጋባታል፣ በክፍል 40 «የሚወድሽ ስለሆነ ነው» ይባላል። ከሥር «ክፍል 41 መቼ ነው?» ብለሽ የጻፍሽው አንቺ ነሽ። ጌታና ሎሌን «ፍቅረኛሞች» ብሎ የሚሸጥ ሁሉ አንድ ነጋዴ ነው፤ ሸማቹ ወንድም ይሁን ሴት።

አሁን ወደ እኛ ሰፈር ልምጣ። ኮሜንት ልትጽፍ የቸኮልከው ወንድሜ፣ አንተን ነው የማወራህ።

የኛ የ1996 ዓ.ም. (ይኼ በኛው አቆጣጠር ነው) የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን ወንጀል ያደርጋል፤ ታውቀዋለህ፣ ትጠቅሰዋለህ። ቀጥሎ ያለውን 630ን ግን አንብበኸዋል? እዚያ ቅጣቱን የሚያከብደው ምን እንደሆነ ተጽፏል፦ የሌላውን ሰው ችግር፣ ወይም በአስተማሪነት፣ በአሠሪነት፣ በጠባቂነትና በመሳሰለው በእጅ ያለን ሥልጣን መጠቀሚያ ማድረግ። የኛው ሕግ ራሱ በጉልበትና በጉልበት አልባው መካከል ያለውን ልዩነት አይቶታል። አንተ ግን 629 ላይ ቆመህ ቀረህ።

እስቲ አስብ። አንድ 19፣ 20 ዓመት የሆነው ልጅ አለ በለው። ምንም የማያውቅ፣ ብቻውን የሆነ። አንድ ልምድ ያለው፣ ገንዘብ ያለው፣ ትልቅ ሰው ያጠምደዋል። በመጀመሪያ ደግ ነው። ቀጥሎ ፎቶ ይይዝበታል። ቀጥሎ «ለአባትህ እነግራለሁ፣ ለሰፈሩ እለቀዋለሁ» ይመጣል። ያ ልጅ ማን ጋ ይሄዳል? ፖሊስ ጋ? «አንተም ነህ» ይባላል። እናቱ ጋ? ስልኩን አውጥቶ ወደ አንተ ቢመጣ ደግሞ የሚያገኘው ኮሜንትህን ነው። «ይሙት፣ ይቃጠል» ያልከውን አንብቦ ስልኩን ይዘጋና ወደ ሰውዬው ይመለሳል። ስድብህ ማንን አገለገለ? ጌታውን! ሰውዬው ያን ልጅ ለማሰር ሰንሰለት መግዛት አላስፈለገውም፤ ያንተን ምላስ በነፃ ተጠቅሞበታል። በነፃ ዘበኝነት ተቀጥረህለታል፣ ወንድሜ።

ለዚህ ነው የኮሊን እናት ከፊልሙ ሁሉ ልቤ ውስጥ የቀረችው። ፔጊ ትባላለች፤ ካንሰር ይዟት እየሞተች ነው። ልጇ የወደደውን ሰው ምሳ ጠርታ ቤቷ ታስቀምጠዋለች። ወንድ ስለሆነ አትቆጣም፤ ያንን ድሮ ጨርሳዋለች። ልጇን የሚያናግርበትን መንገድ ግን አይታ፣ ፊት ለፊት «አልወደድኩትም» ትለዋለች። አየህ? ልጇን ስላልጣለችው፣ ልጇን የሚጥለውን ሰው አፍ አውጥታ መናገር ቻለች። ከማዕድ ያባረርከው ልጅ ሲበደል አታየውም። ካላየኸው አትከራከርለትም። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ነው ነገሩ፤ ለመናገር ደግሞ መጀመሪያ የሚሰማህ መሶብ ያስፈልግሃል።

ትንሽ ስለ ራሴም ልበል፣ ስለ ጀማሪነት ስለማውቅ። ከተመረቅኩ በኋላ አንድ መሥሪያ ቤት (ስሙ ይቅር) «ልምድ ታገኛለህ» ብሎ ያለ ደመወዝ አስገባኝ። አንድ የከረመ ሰው አሠልጣኜ ሆነ። ሦስት ወር ሻይ አመላለስኩ፣ የግል ጉዳዩን ሮጥኩ፣ ቅዳሜ እሑድ ተጠራሁ፣ ሰው ፊት ተሰደብኩ። ሁሉንም «እሺ ጋሼ» አልኩ። ስወጣ «ተገደህ ነበር እንዴ? ራስህ ፈልገህ አይደል?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ አንድም ቀን እምቢ አላልኩም። እምቢ ብል የልምድ ወረቀቷ ትቀርብኝ ነበራ! የኔ ነገር ከኮሊን ጋር እኩል ነው እያልኩህ አይደለም። ግን ያቺን «ራስህ ፈልገህ አይደል?» የምትል ዐረፍተ ነገር የትም ብሰማት ድምጿን አውቃታለሁ። ሥራ የፈታን የዚህ ትውልድ ልጆች ሁላችንም እናውቃታለን። መሪውን የያዘው ሰውዬ ከወደቅን በኋላ የሚናገራት ናት።

የፊልሙን መጨረሻ ልንገርህ፣ ምክንያቱም ክርክሬ ሁሉ እዚያ ላይ ነው። እናቱ ከሞተች በኋላ ኮሊን አንድ ነገር ይጠይቃል። ገንዘብ አልጠየቀም፣ ጋብቻ አልጠየቀም። አንድ ቀን። ትእዛዝ የሌለባት አንዲት የእረፍት ቀን። ሬይ ይቀበላል። ያን ቀን እንደ ማንኛውም ሁለት ሰው አብረው ይውላሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ ይሳሳማሉ። ከዚያስ? ሬይ ይጠፋል። ቤቱ ባዶ ይሆናል። አንድ ቃል የለ፣ አድራሻ የለ።

«ጠንካራው» የተባለው ማን እንደሆነ አሁን ገባህ? መሬት ላይ የተኛው ሰው ሐዘኑን፣ ውርደቱን፣ ፍቅሩን ሁሉ ተሸከመ። ያ ረጅም፣ ያ አስፈሪ ሞተረኛ ግን አንድ ቀን እኩል መሆን አቃተው። ከአንዲት የእኩልነት ቀን የሸሸ ጌታ ሲያዝዝ የኖረው ጠንካራ ስለሆነ አይደለም። የተፈናጠጠ ሰው መሪ አይዝም፤ መሪውን ለአንድ ቀን እንኳን ማጋራት ያልቻለ ሰው ደግሞ መንዳት አያውቅም። ማምለጥ ነው የሚያውቀው።

ኮሊንስ? አልሞተም። ኋላ ላይ ሌላ ሰው ያገኛል። አሁንም መታዘዝ ነው የሚፈልገው፤ ያ ምርጫው ነው። ግን በዚህኛው ጊዜ ሳይጀመር አፉን ከፍቶ ይናገራል፦ ይኼን እቀበላለሁ፣ ይኼን አልቀበልም። ያው ሰው፣ ያው ምኞት ነው፤ የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው። እምቢ የሚልበት ቦታ አገኘ። ከዚያ በኋላ «እሺ» ሲል እሺታው የራሱ ነው።

እንግዲህ ወንድም ሆንክ ሴት፣ የምትወደው ማንንም ይሁን፣ ካንተ በላይ የሚያውቅ ሰው እጅህን ይዞ «ተከተለኝ፣ አሳይሃለሁ» ሲልህ አራት ጥያቄ ጠይቅ።

አንድ፦ ዛሬ እምቢ ብለው ነገ ሰላም ይለኛል?

ሁለት፦ እሱ ስለ እኔ የሚያውቀውን ያህል እኔ ስለ እሱ አውቃለሁ?

ሦስት፦ እናቴ፣ እህቴ ወይም አንድ ጓደኛዬ ፊት ቁጭ ብሎ ምሳ መብላት ይችላል?

አራት፦ የጓጉንቸሩ ቁልፍ ማን ጋ ነው?

የአራቱም መልስ ካስፈራህ ፍቅር ነው ብለህ ራስህን አትሸንግል። ውረድ። መንገዱ ቢረዝምም በእግርህ ሂድ።

አንተ ደግሞ ኮሜንት ልትጽፍ የተዘጋጀኸው! ስድብህን ይዘህ እስከዚህ ከደረስክ አመሰግናለሁ። ጻፍ፣ አልከለክልህም። ግን ከመላክህ በፊት ያን ስልኩን ይዞ የሚያነብ የ20 ዓመት ልጅ አስበው። ቃልህ ለእሱ በር ይሆነዋል ወይስ ጓጉንቸር?

ስለ ክብርና ስለ ነፃነት በየቀኑ እንጮኻለን። ክብር ከአደባባይ ብቻ አይጀምርም። ማንም በማያይበት ክፍል ውስጥ አንድ ጀማሪ «ይበቃኛል» ሲል በመሰማቱ ይጀምራል።

እሺ የሚከብረው እምቢ ሲከበር ነው!

አንብበህ ከጨረስክ ለሚያስፈልገው ሰው ሼር አድርግለት። ማን እንደሆነ አንተ ታውቀዋለህ።